ወንድሜ የተወው ቡና

በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ገና አላባራም ነበር። ወንድሜ በክረምቱ ሲያርፍ የቡና ማሳውን ለሁለት ልጆቹ ተወ፤ እናታቸው ቀድማ ሞታለች። በአራት ምስክሮች ፊት ሲናዘዝ ውርሱን አጣርቼ ለልጆቹ እንዳስረክብ ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ፍርድ ቤቱም አጸናው።

ውርስ ማጣራት ምንም ሳይነኩ መጠበቅ መስሎን፣ ከሽማግሌዎች ጋር የማሳውን በር በእሾህ ዘጋነው። ቡናው ግን አልጠበቀንም። ቀላ፤ ከዚያም ዝናቡ ያረግፈው ጀመር። የልጆቹ የዓመት ቀለብ መሬት ላይ ሲበሰብስ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ።

ላስለቅም ስል ታላቅ ወንድማችን ገጀራ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቡናው እኮ እያለቀ ነው» አልኩት።

«ይለቅ! ለቅመሽ ቴፒ ገበያ ወስደሽ ልትሸጪው ነው?»

«የልጆቹ ነው።»

«አሃ፣ ፍርድ ቤቱ እመቤት አድርጎሻላ! ይህን እሾህ የሚያነሳ ሰው በእግሩ አይመለስም።»

ቁጣውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። አደራውን ልመልስ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

«መተው ይችላሉ፣ እናቴ» አለችኝ ዳኛዋ። «ሌላ አጣሪ እስኪሾም ግን ቡናው ይረግፋል። አጣሪ ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ የሚበላሸውን ያስለቅማል፣ ያስቀምጣል፣ ኋላ ለወራሾቹ ሂሳቡን ያስረዳል። ለፖሊስ ልጻፍልዎ?»

ፖሊስ ከገባ በእኔና በወንድሜ መካከል ደም እንዳይፈስ ፈራሁ። «ይቆይልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ያን ምሽት እህል አልቀመስኩም። በሕይወት ያለውንም ወንድሜን፣ የሞተውንም ፈራሁ። በእመቤቴ ሥዕል ፊት ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ እግሬን እንድታጸናልኝ።

ጠዋት ኪዳን አድርሼ ጎረቤቶቼን ለደቦ ጠራሁ። ከእነሱ በፊት ግን ብቻዬን የታላቅ ወንድሜ ደጅ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ የሚለቀመው በፊትህ ይመዘን» አልኩት። «የልጆቹ ጎተራ ላይ ሁለት ጓጉንቸር እናደርጋለን። የአንዱ ቁልፍ ካንተ፣ የሌላው ከእኔ ይሁን። አንዳችን ያለ ሌላችን አንከፍትም።»

ባዶ እጆቼን አየ።

«የታሉ ጓጉንቸሮቹ?»

ገና አልገዛኋቸውም ነበር። ገበያ ሮጬ ገዝቼ ስመለስ፣ ማሳው በር ላይ በዝናብ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኛል። አምላኬን አመስግኜ አንዱን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖርኩና እሾሁን አንስቼ ከደቦው ጋር ወደ ለቀማው ገባሁ።