ለታችኛው ሰፈር የተሰጠ ግጥም

ልጄ ትርሓስ አዲስ ኮምፒውተር ገዝታ፣ ዘፈኖቼን ከትንሿ ማጫወቻዬ ልታዛውርልኝ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ የሚዛወር ነገር ከነበረበት የሚነሣ መስሎኝ፣ "ማጫወቻዬን ባዶ ልታስቀሪብኝ ነው?" ብዬ ተቆጣሁ።

"አይ አደየ! እዚያም ይቀራል፣ እዚህም ይገባል" ብላ ሳቀችብኝ። እንዳምናት አንዱን ከኮምፒውተሩ ከፈተችው። የአሸንዳ ከበሮ ድም ሲል፣ ልቤ ወደ ልጅነቴ ሄደ።

ነሐሴ ነው። ወገቤ ላይ የታሰረው እርጥብ ሣር ይሸታል፤ ፀጉሬን የተቀባሁት ቅቤ ቀልጦ አንገቴ ላይ ይወርዳል። እናቴ ለእኛ ለሰፈሯ ልጆች ያወጣችውን ግጥም፣ በራችን ላይ ቆማ ለታችኛው ሰፈር ልጆች ስታስጠና ደረስኩባት። በየዓመቱ በዘፈን የምንፎካከራቸው እነሱን!

"የእኛን ሰጠሻቸው!" ብዬ አለቀስኩ።

"ዝም በይ ጓለይ፣ ብዙ አፍ ይያዘው" አለችኝ። እኔ እቴ፣ ተበልቶ የሚያልቅ መስሎኝ ልቅሶዬ ባሰ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ያን ግጥም ከግማሽ በላይ ረሳሁት፤ እህቶቼም እንዲሁ። አሁን ከኮምፒውተሩ ውስጥ ግጥሙን ሳትሳሳት የምትዘፍነው ከእነዚያ የታችኛው ሰፈር ልጆች አንዷ ናት። እሷም እንደኔ አርጅታለች፤ አምና ትርሓስ ቤቷ ድረስ ሄዳ ድምጿን ቀድታልኝ ነው። እናቴ ያኔ ብትሰስት ኖሮ፣ ቃሏን ዛሬ ከየት አገኘው ነበር?

ተመስገን። እንኳንም ያን ቀን አልሰማሽኝ፣ እናቴ።