ሳይረገጥ ሊሰፋ የነበረው ባና

ልጅ ሳለሁ፣ የንጉሡ ግቢ ገና ከአንኮበር ሳይነሳ፣ ከደብረ ብርሃን በላይ ባለው መንደራችን ብርዱ ለጉድ ነበር። ውሻችን ለመጮኽ አፉን ይከፍትና ነፋሱ ጥርሱን ሲመታው «በዚህ ብርድ ደግሞ የምን ሌባ ይመጣል!» ብሎ መልሶ ይዘጋው ነበር። የማያምን ካለ ውሻውን ይጠይቅ።

በዚያ አገር ሰው የሚከርመው በበግ ጠጉር ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ተሸምኖ የወረደው ባና ግን ገና ወንፊት ነው፤ ነፋስ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ይፈስስበትና በእግር ይረገጣል። ሲረገጥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ባናው ይኮማተራል፣ ይወፍራል። ተኮማትሮ ካበቃ በኋላ ነው መቀስ የሚነካው። ሳይረገጥ የተሰፋ የባና ካባ፣ በርኖስ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው በለባሹ ገላ ላይ ይጠብባል።

የአባቴ አባት፣ አባባ ዘለቀ፣ የባና ሸማኔ ነበሩ። «ከእጄ የወጣ ባና ዝናብ አይፈራም» ይሉ ነበር፤ አገሩም ይህንኑ ይመሰክርላቸዋል። ያኔ ግን ዓይናቸው በኩበት ጭስ ደክሟል፤ ጣታቸውም ከሥራ ብዛት ከመደንዘዙ የተነሳ ከምድጃ የወደቀ ፍም በባዶ እጃቸው አንስተው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ወደ ቦታው ይመልሱት ነበር።

ታላቅ እህቴ አስካለ በጥር ልትዳር ሆነ። ለሙሽራው፣ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ለሚኖረው፣ ስሙ ከተማ ለሚባለው፣ አባባ በሽማግሌዎች ፊት «በርኖስ አለብሰዋለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። የዓመቱ ጠጉር በሙሉ በአንድ ባና ላይ አለቀ፤ በጎቻችን ራቁታቸውን ቀርተው ከጎረቤት በግ ፊት መቆም ያፍሩ ነበር።

መርገጡ የእኔና የወንድሜ የደምሴ ሥራ ሆነ። ሦስት ማታ እራት ከተበላ በኋላ ገንዳው ውስጥ እንገባለን፤ አባባ ፊታቸውን ወደ ምድጃው፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርገው ተረት ያወራሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ «እግር ካለ ተረት አለ፤ እግር ከቆመ ተረት ቆመ።» በጆሯቸው ነበር የሚጠብቁን። የእግራችን ድምፅ ትንሽ ሲቀዘቅዝ፣ ጅቡ በሬውን ሊነክስ አፉን እንደከፈተ ዝም ይላሉ፤ ጅቡም እኛ እስክንነቃ ድረስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

በሁለተኛው ማታ እግሬ እንደ ተቀቀለ ድንች ሲላጥ ደምሴ ዘዴ አመጣ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን እርጥቡን ባና በመዳፋችን እንመታው ጀመር። ጧ! ጧ! አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ፣ የኔ ፈረሶች!»

በሦስተኛው ማታ የሰማነውን ተረት አልረሳውም። አንድ ችኩል ባላባት በርኖሱን ሳያስረግጥ አሰፋና ለብሶት ወደ አንኮበር ቁልቁለቱን ወረደ። ጭጋግ አገኘው። በርኖሱ መጀመሪያ ክንዱን ሰበሰበው፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ከአገጩ አገናኘው፤ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ሰውየውን ጫጩት አሳከለው። አሽከሮቹ በቀንድ ዋንጫ ውስጥ ከተው ለሚስቱ አደረሱላት። እሷም ክዳኑን አንስታ አየችውና «እሰይ፣ ከእንግዲህ የእራት ነገር አያስጨንቀኝም» አለች።

በሳቅ ገንዳው ውስጥ ልንወድቅ ደረስን። ሲያበቃ አባባ መለኪያ ሸምበቋቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ የባናው ስፋት ከሸምበቆው እኩል ከሆነ በቅቶታል ማለት ነው። ለካሁት። ባናው በስንዝር ያህል ይበልጣል።

«እህሳ፣ ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

ደምሴ በክርኑ ጎሰመኝ። «ልክ ነው፣ አባባ» አልኩ።

ስተኛ ግን ነገሩ ዞረብኝ። ያኔ ተረትን ከወንጌል አልለየውም ነበር። ከተማ ቁመቱ ዋርካ የሚያህል ሰው ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ጭጋጉም እዚያው ነው። አስካለ ባሏን በዋንጫ ይዛ ገበያ ስትወጣ፣ ሴቶቹም «አንቺ፣ እስኪ ባልሽን አሳዪን» ሲሏት ታየኝ።

ጠዋት ልብስ ሰፊው አያ ወርቁ መጣ። ቸኩሏል፤ በማግስቱ ሌላ ሥራ ይዞ ወደ ደነባ ይሄዳል። ሠርጉ አምስት ቀን ቀርቶታል፣ በአገሩ ሌላ ጠጉር የለም፤ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። አባባ ባናውን ዘርግተው እንደ ልጃቸው ይደባብሱታል። አስካለ በር ላይ ቆማ ትሽኮረመማለች። አያ ወርቁ መቀሱን ከፈተ።

«አያ ወርቁ፣ አትቁረጥ! ዋንጫ ውስጥ ይገባል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማነው ዋንጫ ውስጥ የሚገባው?» አለ መቀሱን እንደከፈተ።

«ከተማ!»

አስካለ ሳቀች። አባባ አልሳቁም። «ወርቁ፣ እስኪ ሸምበቆዋን አድርግበት» አሉ።

አያ ወርቁ ለካና ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንዝር ይተርፋል፣ አባቴ።»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ማታ የለካሽው አንቺ አልነበርሽም?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። አልረገጥነውም። በእጃችን ነው የመታነው።» ደምሴ ከበሩ ኋላ ጠፋ።

አርጩሜ ጠበቅሁ። አባባ ግን ደንዛዛ ጣታቸውን ባናው ላይ አሳረፉ። «እኔም እኮ ዳስሼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እጄ አልነገረኝም።» ከዚያ ድምፃቸው ተመለሰ። «እሳት አንድዱ! ወርቁ፣ ሱሪህን ሰብስብ፤ አስካለ፣ ነይ ግቢ። ያንን ሌባ ከበሩ ኋላ አምጡት። አንቺ ለካይዋ ደግሞ፣ ሁለት ማታ ተረቴን በላሽ፤ ባናው ግን ጦሙን አደረ። ዛሬ አንቺ ታበያለሽ!»

ሦስቱ ገንዳ ውስጥ ገቡ፤ እኔ በአባባ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የባላባቱን ተረት ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይረገጥ አለቀብኝ።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩ።

«እግሩ አላለቀም፤ ጨምሪ!» አሉኝ።

ከየት ልጨምር? ሚስቲቱ ዋንጫውን መደብ ላይ አስቀመጠች አልኩ። ድመቷ መጣች። ባላባቱ አምልጦ ዶሮ ጫነና በዶሮዋ ተቀምጦ ወደ ዳኛ ሄደ፤ ዶሮዋም መንገድ ላይ እንቁላል ልትጥል ብትቀመጥ ዳኛው ተነስቶ ሄደ። አያ ወርቁ በሳቅ የአስካለን ትከሻ ይዞ ረገጠ። «ከዚያስ?» እያለ ይለማመጠኛል፤ «ከዚያስ፣ እንቁላሉስ?» እንቁላሉን ለወሬ ስል ዳገት ላይ አንከባለልኩት። ሸምበቆው ሲለካ እኩል የሆነው ፀሐይዋ ከአናታችን ካለፈች በኋላ ነው። ያን ጊዜ መቀሱ ገባ።

በርኖሱ ለሠርጉ ደረሰ። ከተማም ክረምት ከክረምት ለብሶት ያንን ቁልቁለት ወጣ ወረደ፤ አንዲት ጣት አልጠበበበትም።

ዛሬ «አንቺ ሴትዮ ትጨምሪያለሽ» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ከዚያ ቀን የቀረልኝ ኀፍረቱ አይደለም፤ የስድስቱ እግር ድምፅ ነው። ወሬዬ ሲሳሳ እግሮቹ ይዝሉና ሦስቱም ቀና ብለው ያዩኛል፤ አንዲት ነገር ጣል ሳደርግ ደግሞ ውሃው ይንቦጫረቅና ባናው ከእግራቸው ሥር ሲጠብቅ ይሰማኛል።