ባለቤት ያጡ ሁለት ጣቶች

አራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ጨቅላውን እንደ ውርስ መሬት ይከፋፈለዋል። አፍንጫው ለአባት፣ ግንባሩ ለእናት፣ ፀጉሩ ለአያት። የእኔ ቢጤ መላጣ ግን በፀጉር አይከራከርም፤ ዳር ቁጭ ብሎ የሚደርሰውን ይጠብቃል።

ልጄና ሚስቱ ሲኤምሲ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ያን ቀን ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ዘንድ የደረስኩት እንደ አሮጌ ሚኒባስ እያቃሰትኩ ነው። ታላቅ እህቴ ቀድማኝ ሶፋው ላይ ተንሰራፍታለች።

“አንተ! አራስ ልንጠይቅ መጣን እንጂ አንተን ልናስታምም አይደለም፤” አለችኝ።

ክፍፍሉ ደርቷል። እህቴ የሕፃኗን ዓይን ለእኛ ወገን አደረገች፤ የምራቴ እናት አገጯን ወሰዱ። በዚህ መሐል ሕፃኗ ስትወራጭ የግራ እጇ ጓንት ወለቀ። የመሐል ጣቷና የቀለበት ጣቷ እስከ ጫፋቸው ተጣብቀዋል።

ምራቴ ጓንቱን መልሳ ለማጥለቅ ተጣደፈች።

“እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘር የለም፤” አለች እህቴ። “እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ደንግጠሽ ነው፣ ልጄ?”

ምራቴ ከወለደች ጀምሮ ራሷን ይህንኑ ስትጠይቅ እንደከረመች ፊቷ ይናገር ነበር።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ። ጎንበስ ማለት በእኔ ዕድሜ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ካልሲዬንም አወለቅሁና ከአውራ ጣቴ ቀጥለው ያሉትን ሁለት የተጣበቁ ጣቶች ምንጣፉ ላይ ዘረጋኋቸው።

“ዓይንና አገጩን ተከፋፍላችኋል። እነዚህን ሁለቱን የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ።”

ልጄ ዓይኑ ፈጠጠ። ይህን እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። “ሐኪሟ በቤተሰብ አለ ወይ ስትለኝ የለም አልኳት እኮ! ስለ እጅ ብቻ የጠየቀች መስሎኝ!”

“አንተን ዘሎ አልፏላ።” ወደ እህቴ ዞርኩ። “እትዬ፣ ልጅ ሆነን ‘ዳክዬ’ እያልሽ በሰፈር ያዋረድሽኝ ታዲያ ለምን ነበር?”

እህቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። “ውይ! እግር ደግሞ ከዘር የሚቆጠር መች መሰለኝ!”

ምራቴ መጥታ እግሬ አጠገብ ተቀመጠች። “ያምዎታል፣ አባባ?”

“ጫማ ሲጠብ ብቻ። ሴቶች የሸሹኝም በሱ አይደለም፤ ያ የፊቴ ጥፋት ነው።”

“ሐኪሟ ከፍ ስትል በኦፕራሲዮን ይለያያል ብላኛለች። እኔን ያቃጠለኝ እሱ አይደለም።” እንባዋ መጣ። “እኔ ያመጣሁባት መስሎኝ ነው።”

“አንቺ ያጠፋሽው አንድ ነገር የእኔን ልጅ ማግባትሽ ነው። እሱንም እኛ ለምነንሽ ነው።”

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ጓንቱን ከልጅቷ እጅ ላይ ራሷ ሳበችና ሕፃኗን እህቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። እህቴ እነዚያን ሁለት ጣቶች ሳመች።

በሩ ተንኳኳ፤ የምራቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። እኔ በባዶ እግሬ ሶፋው ሥር ካልሲ ሳሳድድ፣ ምራቴ ሕፃኗን አንስታ ተቀበለቻቸው። ገና ሳይቀመጡ ትንሿን እጅ ከፍ አድርጋ፣ “የአያቷን ጣት እዩልኝ፤” አለቻቸው።