የሊያ የማደጎ ውል

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ የተቀደደ ጃንጥላ አለኝ፤ የሰው በደል ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ወልደተንሣኤ ብሎ የሚጠራኝ የለም፣ ሁሉም ወልዴ ነው የሚለኝ። ቀልደኛው ወልዴ ይሉኛል። ይህን ስም ወድጄው ኖሬ ነበር፤ አሁን እንዲያ ብሎ የሚጠራኝን ሰው እሰድበዋለሁ።

የማወራው ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ አልታየች ነው። እሷን ለማወቅ ግራ እጇን ማየት ይበቃል። ከክርኗ በታች ወደ ውጭ ጎብጦ የቀረ እጅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ለአንድ ጎልማሳ ዳሯት። ሰውየው በሠርጉ ሳምንት በጥፊ ጥርሷን አወለቀው። ሮጣ አባቷ ቤት ገባች። ባየው የሚባለው በአራት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ በዱላ እየደበደበ ወደ ባሏ መለሳት፤ እጇ የተሰበረው ያን ቀን ነው። ወጌሻ አሽቶ አሰረላት፣ ጠምሞ ዳነ። ባሏ ቤት ስምንት ዓመት ኖረች፣ ስምንቱንም ዓመት ተደበደበች፣ ሁለት ፅንስ በእርግጫ ወረደባት። ሦስተኛውን አልጠበቀችም። ገብስ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ደብረ ብርሃን ገባች።

እዚህ በዚያ በጠማማ እጇ ሱፍ እየፈተለች ኖረች። የበግ ሱፍ ገዝታ ታጥባለች፣ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጣለች። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በስሟ አቆመች። ቤቱ ሲቆም ባየው እህት እንዳለችው ትዝ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ እሷ ቤት ይበላል። በልቶ ሲጨርስ «ቤቱን ለልጆቼ ተናዘዥ፤ አንቺ ምን ልጅ አለሽ?» ይላታል። አንድ ቅዳሜ ወጡ ቀዝቅዟል ብሎ ሳህኑን ፊቷ ላይ ሲወረውረው እኔም እዚያው ነበርኩ። ግንባሯ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ እሷ የተሰበረውን ሳህን በጠማማው እጇ ትለቅማለች። ስለ ቤቱ ሲያነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች እንጂ እምቢ ለማለት አልደፈረችም። ሃምሳ ዓመት ሞልቷት ገና ትፈራው ነበር።

የድመቷ ነገር የመጣው ከአይጥ ነው። አይጥ ሱፍ ውስጥ ገብቶ ይወልዳል፣ የወር ድካም በአንድ ሳምንት ያበላሻል። አልታየች መርዝ ብታስቀምጥ የገዛ ድመቷ የተመረዘ አይጥ በልታ ደም እያስታወከች ደጃፏ ላይ ሞተች። «ሁለተኛ መርዝ ቤቴ አይገባም» አለች። ከከተማው ዳር አንድ ግቢ ተከራይተው የተጣሉና የተጎዱ ድመቶችንና ውሾችን ሰብስበው የሚያክሙ ወጣቶች አሉ፤ የሚመሯቸው ሮዳስ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ናት። አልታየች እዚያ ሄዳ ከሁሉም የባሰችውን መረጠች። ግራጫ ናት፤ አንዱ ጨካኝ የፈላ ውሃ ደፍቶባት የጀርባዋ ቆዳ ተልጧል፣ ቀኝ ዓይኗም ጠፍቷል።

«እማማ፣ ጤነኞች አሉ እኮ። ይቺ ሰው ትፈራለች፣ ትቧጭርዎታለች» አለቻት ሮዳስ።

«እኔም ሰው እፈራለሁ፤ እንግባባለን» አለች አልታየች።

ወጣቶቹ ወረቀት ሳያስፈርሙ እንስሳ አይሰጡም። አልታየች ማንበብ ስለማትችል ጣቷን ከመጫኗ በፊት ወረቀቱን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ርእሱ «የማደጎ ውል» ይላል። በሥራ ዘመኔ ብዙ የማደጎ ውል አይቻለሁ፣ ሁሉም ግን ስለ ሰው ልጅ ነበር። ስም፦ ሊያ። ዕድሜ፦ ሁለት ዓመት። ጾታ፦ ሴት። ያለባት ጉዳት፦ ቀኝ ዓይኗ አያይም። የዛሬ ልጆች ለድመት የሰው ስም ያወጣሉ፤ እንደ ጥንቱ ውሮ ብለው ትተዋት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። እየሳቅኩ አነበብኩላት። «አሳዳጊዋ አልመታትም፣ አላስርባትም፣ አውጥቼ አልጥላትም በማለት ቃል ገብታለች» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት።

«ለድመት እንዲህ ያለ ወረቀት አለ? እኔን ሲድሩኝ ማንንም አላስፈረሙም።»

መሳቄን ተውኩ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ጫነች።

ሊያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአልታየችን ሁለት እጆች ቦጫጭራ ጨረሰቻቸው። አልታየች ወተት ልትሰጣት እጇን በዘረጋች ቁጥር ጥፍር ነው። ደሟን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ትዘረጋለች። አይጦቹ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አንገታቸውን ነክሳ፣ ወዲያ ወዲህ አራግፋ፣ አንድ በአንድ ትጨርሳቸዋለች፤ ጠዋት መደቡ ሥር ሬሳቸው ተደርድሮ ይገኛል። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሊያ በአልታየች ጭን ላይ መተኛት ጀመረች። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሮጣ መደቡ ላይ ካለው ባና ሥር ትገባለች። አልታየች ለመጣው ሰው ሁሉ «ሊያ በላች፣ ሊያ ተኛች፣ ሊያን በረዳት» ስትል ትውላለች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ምላሴ ያሳክከኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረቄ ቤት ተቀምጬ ሳለ ባየው ገብሱን ሸጦ ገባ። ሁለት ቅዳሜ ቀርቶ ስለነበር ስለ ድመቷ ምንም አልሰማም።

«እንኳን ደስ አለህ፣ አጎት ሆንክ» አልኩት።

«የማን ልጅ?»

«የአልታየች ነዋ። ማደጎ ወሰደች። ሊያ ትባላለች፣ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ውሉን ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ጣቷን ስትጭንም አይቻለሁ።»

አብሮኝ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩን ስለሚያውቅ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ባየው አልሳቀም።

«ማደጎ ይወርሳል እንዴ?» አለኝ።

«እንደ ወለዱት ነው። ልጅ ካለ ወንድም ባዶ እጁን ይቀራል» አልኩት። ይህን እንኳ አልዋሸሁም፤ ሕጉ እንዲያ ነው።

ፊቱ ጠቆረ። መለኪያውን ሳይጨርስ ዱላውን አንስቶ ወጣ። አረቄ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ የጠበቅኩት በንዴት ጦፎ ሄዶ አንድ ዓይና ድመት ሲያገኝ እንዴት እንደሚያፍር ነበር። ግን ፊቱን አይቻለሁ። ያ ፊት ምን እንደሚሠራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ልቤ ተነስ ተነስ አለኝ፤ እኔ መለኪያዬን ጨርሼ አንድ አስጨመርኩ።

እሱንም ጨርሼ ግቢዋ ስደርስ የቤቱ በር ተገንጥሎ ወድቋል። አልታየች ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ አፍንጫዋ ተሰብሮ ደሙ በአገጯ ይወርዳል። ባየው ዱላውን ይዞ መሀል ቤት ቆሟል።

«ሊያ የምትባለዋ የት አለች?» ይላል።

«ተኝታለች። ምን አደረገችህ?» አለችው። ስለ ድመቷ የሚጠይቃት መስሏታል።

«ቤቱን ለሷ ልታወርሻት ነው?»

«ጋሼ፣ ተዋት። ሰው ትፈራለች፣ አንድ ዓይኗ እንኳ አያይም።»

መደቡ ላይ ባናው ጎበጥ ብሏል። ከሥሩ የተባዘተ ሱፍ ስላለ ትንሽ ልጅ ተጠቅልላ የተኛች ይመስላል። ባየው ዱላውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እንደ እንጨት ፈላጭ አወረደው። ባናው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደገመው። «ድመት ናት» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው ከሁለተኛው ምት በኋላ ነው።

ሊያ ከባናው ሥር ወጣች። የኋላ እግሮቿ አይታዘዙላትም፣ እየተጎተቱ ነው። ባየው ጎንበስ ብሎ ሲያይ በፊት እግሮቿ ፊቱ ላይ ተለጠፈች፤ ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ ድረስ ቆዳውን አወረደችው። ጮኸ፣ ነቀላት፣ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ያን ጊዜ አልታየች ተነሳች። ሱፍ ስታጥብ የምትወቃበት የወይራ ዱላ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። በጠማማው እጇ ይዛ፣ በደኅናው ደግፋ፣ ቀኝ ክንዱ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ባየው ተንበርክኮ «እህቴ፣ ተይኝ» አላት። ዱላውን አናቱ ላይ አነሳችው፤ ፊቷን አይቻለሁ፣ ልትገድለው ፈልጋ ነበር። ከዚያ ዱላውን ጣለችና ድመቷን አቀፈች።

በባጃጅ ወደ ሮዳስ ወሰድናት። ሮዳስ የድመቷን ጀርባ ዳብሳ «አከርካሪዋ ተሰብሯል፣ በሕይወት ማቆየቱ ማሰቃየት ይሆናል» አለች። መርፌ ወጋቻት፤ ሊያ በአልታየች ጭን ላይ ሞተች።

«የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኳት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ወልዴ ነግሮኛል እያለ ነው የመታኝ» አለችኝ። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደኪዳን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊያስታርቁ መጡ። ባየው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ጉንጩ ቆስሎ፣ ከኋላቸው ገባ። ጎረቤት ነው ብለው እኔንም ጠሩኝ። ነገሩን አቅልለው ነው የመጡት፤ እሱ በሯንና አፍንጫዋን ሰብሯል፣ እሷም ክንዱን ሰብራለች፣ ይቻቻሉ ነው የሚሉት። ከከሰሰች እሱም ስለ ክንዱ ይከሳታል። ከታረቀች ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጥቶ እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጦ እንደሚበላ፣ ሲበቃውም እንደሚመታት፣ አንድ ቀንም እንደሚገድላት እሷም እኔም አውቀናል።

«አልታየች ልጄ፣ ለአንዲት ድመት ብለሽ የእናትሽን ልጅ ታሳስሪያለሽ?» አሏት ቄስ ወልደኪዳን።

አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ አለ። አልታየች አፍንጫዋ አብጦ ድምጿ ታፍኗል፣ ግን አልተቻኮለችም።

«አባ፣ እሱ ድመት አልመታም።»

«እንዴት?»

«እዚህ ቤት ሲገባ ሕፃን አለች ብሎ ነው የገባው። ባናውን ሲመታ የሁለት ዓመት ልጅ ናት ብሎ ነው የመታው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ድመት መሆኗን ያወቀው ከመታት በኋላ ነው። እውነትም ልጅ አምጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትመጡት ለለቅሶ ነበር።»

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ። ቄስ ወልደኪዳን ወደ ባየው ዞሩ።

«እውነቷን ነው? ልጅ መስላህ ነበር?»

ባየው በደኅናው እጁ ወደ እኔ ጠቆመ። «እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው ልጅ ናት ያለኝ።»

ምን እንዳለ የገባው ከተናገረው በኋላ ነው።  ቄስ ወልደኪዳን መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። «እኔ ይህን አላስታርቅም» ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ባየው ብቻውን መቅረት ፈርቶ ነው መሰል ከኋላቸው እየተደናቀፈ ሄደ።

«ወረቀትህን አምጣ» አለችኝ አልታየች።

እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሕፃን ልጅ ለመግደል አስቦ ቤት ሰብሮ ስለመግባቱ አልኩ። ሕጉ ምን እንደሚላት አላውቅም፤ የሞተችው ድመት ናት ብሎ ሊመልሳት ይችላል፣ ይህንንም ነገርኳት። «አንተ ጻፍ» አለች። የተከሳሹን ስም ስጠይቃት ጋሼ ሳትል «ባየው» አለች። አንደኛ ምስክር ብዬ የራሴን ስም አስገባሁ። ከሥሩም «ምስክሩ፣ ከሳሽ ሕፃን በማደጎ እንደወሰደች ለተከሳሽ ለቀልድ ነግሮታል» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላት።

«ለቀልድ የሚለውን ሰርዘው።»

«ቀልድ ነበር እኮ፣ አልታየች።»

«ፊቱን አይተሃል፣ እጄንም ታውቃለህ። አውቀህ ነው ቁጭ ብለህ የጠጣኸው።»

ሰረዝኩት።