የአባቴ ያላለቀ ባቡር

ቁም ሳጥኔ ላይ ክንድ የማይሞላ ባቡር ተቀምጧል። ከነሐስና ከብረት የተሠራ ነው። ጭስ ማውጫው፣ ስድስቱ መንኮራኩሮች፣ የውሃ በርሜሉ በየቦታቸው አሉ። በግራ ጎኑ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ግን ሳይገናኙ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ቀኝ ጎኑ ደግሞ ከነጭራሹ ባዶ ነው። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የልጆች መጫወቻ እየመሰለው ያልፈዋል፤ እኔም አላርመውም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሚኪያስ መጣ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ምህንድስና ይማራል። እናቱ የላከችውን ዕቃ አስረክቦ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ባቡሩ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ወደ መስኮቱ ወስዶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ፣ እንፋሎቱ በየተራ ወደ ፒስተኑ የሚገባበት ስልት የትኛው እንደሆነ ለየው። አንዱ ዘንግ ከመንኮራኩሩ፣ ሌላው ከፒስተኑ ጫፍ ተነሥተው እንፋሎቱን ወደሚከፍትና ወደሚዘጋ አንድ ቫልቮላ መድረስ ነበረባቸው አለኝ። ከዚያ ባዶዋን ቀዳዳ አገኛት። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ዕቃ ጎድሏል። ጎበጥ ያለ፣ መሀሉ የተሰነጠቀ መሆን አለበት" አለ። ባቡሩን የሠራው አባቴ እንደሆነ ነገርኩት። ያንን ዕቃ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው በሕይወት የለም።

አባቴ የወረታ ልጅ ነው፤ ጉልበቱን የጨረሰው ግን ድሬዳዋ፣ የባቡር ጥገና ቤት ውስጥ ነው። የምሥራቁ ጦርነት የባቡር መስመሩን ሲቆርጠው እናቴንና እኔን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ያኔ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ከመጣው ጓዝ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ይህ ባቡር ነበር። ጥገና ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ፣ የናፍጣው ባቡር ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የቆመ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ነበረ አሉ። አባቴ የምሳ ሰዓቱን እየሠዋ ያንን በክር እየለካ፣ በክሩ ላይ ቋጠሮ እያሠረ፣ አሳንሶ ይሠራው ጀመር። ፊደል ስላልቆጠረ ወረቀት አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ክር ነበረው፤ ዕቃው ሲያልቅ ክሩን ይፈታዋል። ያለቀ ነገር ክር ምን ያደርግለታል ይል ነበር።

ወረታ ከገባ በኋላ የወፍጮ ሞተርና ፓምፕ እየጠገነ ነው ያሳደገኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የቆርቆሮ ክፍሉን በር ገርበብ ያደርግና ባቡሩን ያወጣል። የናፍጣው፣ የተሞረደው ነሐስና የላቡ ሽታ ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዓይኔን ያስጨፍነኝና አንድ ዕቃ መዳፌ ላይ ያኖራል። "ይኼ ማን ነው?" ይለኛል፣ እንደ ሰው። እኔም ዳብሼ እናገራለሁ። ከሁሉ በፊት የለየሁት ጎባጣውን ነበር፤ "ዳኛው" ይለዋል። "በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ዘንጉን ወደ ታች ብትለቀው ባቡሩ ወደፊት ይሄዳል፤ ወደ ላይ ብታነሣው ወደ ኋላ። መሀል ላይ ካደረግኸው ይቆማል" እያለ ያስረዳኝ ነበር። ዳኛውን ድሬዳዋ ሳለ በደህና መሣሪያ ሠርቶታል። የቀረው የግራውን ጎን ገጥሞ፣ ቀኙን ከእሱ መቅዳት ነበር። መቸኮሉ ያለ ነገር አልነበረም። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነበርና፣ ጨርሶ ሳይጨልም ባቡሩ በራሱ እንፋሎት ጠረጴዛው ላይ ሲሄድ ማየት ይፈልጋል።

ወረታ ደግሞ ባቡር አይታ አታውቅም። ብረት የሚሞርድ ሰው ያኔ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ቀጥቃጭ። ቀጥቃጭ ከሆነ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል። መምህራችን አብዮቱ ይህን ስድብ እንደከለከለ፣ ባለ እጅ ሁሉ የተከበረ ሠራተኛ እንደሆነ በየሳምንቱ ይነግረናል፤ እኛም "አዎ!" ብለን ክፍሉን እናናጋዋለን። ዕረፍት ስንወጣ ግን ደሴ የሚባለው የክፍሌ ልጅ፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር ዳቦውን በጋቢው ይሸፍናል። ምንም አይናገርም፤ ብቻ ይሸፍናል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል እንደገባሁ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ዳኛውን በኪሴ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አባቴ የባቡር ሰው እንጂ ቀጥቃጭ እንዳልሆነ ላሳያቸው ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዕረፍቱ አልደርስ ሲለኝ ደብተሬ ላይ አጋድሜው ዙሪያውንና ስንጥቁን በእርሳስ ቀዳሁት፤ ጎኑ ላይ "ዳኛው" ብዬ ጻፍኩ። ዕረፍት ላይ አውጥቼ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ ፊትና ኋላው ማስረዳት ጀመርኩ። ገና ሦስት ቃል ሳልናገር ደሴ ጮኸ። "ማጭድ ነው! አባቱ የቀጠቀጠው ማጭድ! ዓይናችሁን ጨፍኑ!" ልጆቹ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው እየሳቁ ተበተኑ። ሜዳው መሀል ብቻዬን ቀረሁ።

ወደ ቤት ስመለስ የርብ ወንዝ ውሃ ከፎገራ ሜዳ ገና አልሸሸም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እርሻው ሁሉ እንደ ሐይቅ ተኝቷል። ዳኛውን አወጣሁና ባለኝ ኃይል ወረወርኩት። ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እግሬ ገና ቤታችን ሳይደርስ ጸጽቶኛል፤ ዘልዬ ውሃው ውስጥ ልግባ ብል የትኛው ጋ እንደወደቀ እንኳ አላውቅም።

ቅዳሜ አባቴ ባቡሩን አወጣ። ዳኛውን ፈለገ፣ ጠረጴዛውን አነሣ፣ ወለሉን ጠርጎ ብናኙን በእናቴ ወንፊት ነፋው። በመጨረሻ ተንበርክኮ በመዳፉ ወለሉን እየዳበሰ "ዓይኔ ነው፤ እኔው ነኝ የጣልኩት" አለ። ይህን ለእኔ ነው የተናገረው፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። ክሩ የለም፤ ከዓመታት በፊት ፈትቶታል። ከሐሳቡ እያወጣ ሦስት ጊዜ በሞረድ ሠራ፤ ሦስቱም ሲገጠሙ እምቢ አሉ።

ከሦስተኛው በኋላ አጠገቡ አስቀመጠኝ። "የኔ ልጅ፣ የአንተ ዓይን ደህና ነው። ስንቴ በእጅህ ይዘኸዋል። እስቲ ሣልልኝ፤ ጉብጠቱ ምን ያህል ነበር?" ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር። ገጹን መግለጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዱላ አልፈራሁም፤ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት "ለምን ወሰድከው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ያንን የስድብ ስም ፊቱ ላይ መጥራት ነው። ሰው ከኋላው የሚለውን የማያውቅ ይመስለኝ ነበር። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር፤ ሞኝ። "አላስታውስም፣ አባየ" አልኩት። "አይ፣ ልጅ አይደለህ፤ ምን ታደርግ" ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ያን ዕለት መትቶኝ ቢሆን ኖሮ ጸጸቱ ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ ባልኖረ።

ኅዳር ላይ ውሃው ሲሸሽ እርሻው ውስጥ ገብቼ ፈለግሁ። ባለቤቱ ሽምብራ ዘርቶበት ነበርና ጮኾ አባረረኝ። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የዋጠውን አይመልስም። አባቴም በዓመቱ ባቡሩን መልሶ በብርድ ልብሱ ጠቀለለው። የመምህራን ማሠልጠኛ እያለሁ አረፈ። ዓይኑ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ እንኳ ለዕረፍት ስመጣ "አንድ ዕቃ ብቻ እኮ ነው የጎደለው" ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ብቻችንን ተቀምጠናል፤ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ዛሬ የወረታ መገንጠያ በብረታ ብረት ቤቶች ተሞልቷል፤ ስማቸው በትልልቁ ተጽፎ ይታያል። አንዱ የደሴ ልጅ ቤት ነው። ደሴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና "የእጁን ሥራ አየህልኝ?" እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያስቆማል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም፤ ያናድደኛልም። ያ እርሻም አሁን ሩዝ ሆኗል። በባጃጅ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዞራለሁ።

ሚኪያስ ባቡሩን እንደያዘ፣ ከቀሩት ቀዳዳዎች ተነሥቶ የጎደለውን አስልቶ ለማውጣት ስልኩን አወጣ። ተነሥቼ ከቁም ሳጥኑ ሥር ደብተሩን አመጣሁ። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት፣ የዚያን ዘመን ደብተር ነው። ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። በባቡሩ ጎን አስጠግቶ ለካው፤ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር ልክክ አለ። "ጋሼ፣ ይኼማ ቁርጥ ልኩ ነው! ነገ የደሴ ልጅ ጋ ወስደን እናሠራዋለን። ማን ነው የሣለው?"

"እኔ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ" አልኩት።

"ታዲያ ይህን የመሰለ ልክ እያለ፣ አባትዎ ለምን አልጨረሱትም?"

"አላሳየሁትም" አልኩ።