የማያባራ ዓይን ይዤ ከወሊሶ ፒያሳ

በሁዳዴ አጋማሽ ከወሊሶ ተነሣሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ግራ ዓይኔ ምንም ሳላዝን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነባ ኖሯል። ልጄ አስካለ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። እናቷ ግን «የሙሽራ ልብስ ላይ እንባ ጠብ ካለ ገደ ቢስ ነው፤ ለሌላ ሰፊ እሰጠዋለሁ» አለችኝ። በአባትነቴም በሙያዬም መጣችብኝ። «እስክመለስ ጨርቁን ማንም እንዳይነካው!» ብያት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

ጣሊያን ጥሎት በሄደው የጅማ መንገድ ቱሉ ቦሎን አለፍን። ሰበታ ላይ የጾሙ ሰዓት ሲደርስ የምቆረጥመው ቆሎ ገዛሁ። አዲስ አበባ እንደገባን በስሙኒ ጋሪ ፒያሳ ወጣሁ።

ወርቅ ቤቶቹን እያየሁ ስሄድ አንዲት ሎሚ ሻጭ አስቆመችኝ።

«ውይ ጋሼ፣ ማን ሞተብዎ?»

«ማንም አልሞተብኝ፤ ዓይኔ ነው።»

«ይተዉ እንጂ፣ ወንድ ልጅም ያለቅሳል። እግዜር ያጽናዎ!» ብላ አንድ ሎሚ አስጨበጠችኝ።

ዶሮ ማነቂያ፣ የአክስቴ ልጅ ወርቅነህ ቤት እስክደርስ ሌላም አጽናኝ አላጣሁም። ወርቅነህ ይህን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። «እንዲህማ ከሆነ በየለቅሶው ቤት ንፍሮ እየበላህ ጾሙን ትጨርሰዋለህ!»

ሐኪም ቤት

በማግሥቱ ወርቅነህ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ነርሷ ታስተረጉማለች። በዓይኔ ጥግ ባለችው ቀዳዳ የጨው ውኃ ቢጨምርባት ተመልሶ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባት ቦይ ተደፍናለች አለ። ከአፍንጫዬ ጎን ቆዳውን ሰንጥቆ፣ አጥንቱን በስቶ አዲስ መውረጃ ሊያበጅልኝ ነው።

«ዓይኔን ሊያወጡት ነው?»

«ዓይንዎንስ አይነኩትም፤ አይስጉ» አለችኝ ነርሷ።

ቦታውን በመርፌ አደንዝዘው ሠሩልኝ። የአጥንቱን ኳኳታ ሰማሁ እንጂ ብዙም አላመመኝም።

ስፌቱ በሚፈታበት ቀን ማለዳ ሐኪሙ ያንኑ የጨው ውኃ ጨመረ። ጉንጬ ደረቅ ነው። ወዲያው ጉሮሮዬን ጨው ጨው አለኝ።

«ኧረ ጾሜን አስገደፉኝ! ውጬዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ነርሷ ብታስተረጉምለት ሐኪሙ አጨበጨበ። «መንገዱ ተከፍቷል፣ እንኳን ደስ ያለዎ ይላል» አለችኝ። «የጾሙን ነገር ደግሞ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ።»

ጾም ፈርሶብኝ ደስ ያለኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቴ

ሆሳዕና ሳይደርስ ወሊሶ ገባሁ። ሚስቴ ጉንጬን በመዳፏ ዳበሰችና ከሳጥኑ ጨርቁን አወጣችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመሐረብ ስሸፍነው የኖርኩት ነገር መድኃኒቱ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ኖሯል። ደፍሮ ማሳየት እንደሚበጅ የተማርኩት ያኔ ነው።

አስካለን አቁሜ ትከሻዋን ስለካ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። ደንግጬ እናቷን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም ታለቅሳለች።

«ምን ታየኛለህ? ይሄ የደስታ ነው» አለችኝ። «ቁረጠው እንጂ!»