የሱሉልታው ድልድይ ከፍታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሱሉልታ ካምፕ የደረስኩት በድንጋይ ጫኝ መኪና ነው። ዋናው መሐንዲስ አቶ ይልማ ከድንኳናቸው ብቅ ብለው፣ «ታይፒስቷ ነሽ? ቢሮው እኮ አዲስ አበባ ነው» አሉኝ።

የምደባ ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ካምፑ ውስጥ ሴት መሐንዲስ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ከራሴ ሌላ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው ነገ የድልድዩን ቦታ ለኪ» አሉ።

አልፈራሁም። የከፍታ መለኪያውን መነጽር ኮሌጅ ሳለን ከወንዶቹ ቀድሜ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ።

ወንዙ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ነው። ዳር ላይ የሚያርሱት ኦቦ ቶሎሳ ስለካ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ድልድዩ ከፍታው እስከ የት ነው?» አሉኝ። በእጄ አሳየኋቸው።

«ክረምት ውሃው ከዚያ በላይ ይመጣል። ነይ ላሳይሽ።»

ወደ አንድ የወይራ ዛፍ ወሰዱኝ። ቅርንጫፉ መሐል ጎርፍ ያመጣው ደረቅ ሣር ተሰክቷል።

«ይሄ የመቼ ነው፣ ኦቦ?»

«የአምና። ካቻምና ከዚህም በልጦ ሁለት በሬ ወስዶብኛል።»

ለካሁት። ሣሩ ያለበት ቦታ በንድፉ ላይ ካለው የድልድይ ወለል ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩን ጽፌ፣ ፈርሜ ለአቶ ይልማ አቀረብኩ።

«ንድፉ በገበሬ ወሬ አይለወጥም» አሉ። «ሰኞ ግንበኞቹ ይጀምራሉ። ተሳስተሽ ሥራ ካስቆምሽ ወደ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ።»

«ወሬ አይደለም፣ ልኬት ነው። ካላመኑኝ ነገ እርስዎ ይለኩ።»

በማግስቱ እኔ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የመለኪያውን ዘንግ ያዝኩ፤ እሳቸው በመነጽሩ አነበቡ። መሣሪያውን ቦታ ቀይረው እንደገና አነበቡ። ያው ቁጥር መጣ። ኮታቸውን አራግፈው፣ «ግንበኞቹ ይቆዩ» አሉ። ለዋናው መሥሪያ ቤት የተላከውን ደብዳቤ ራሳቸው ጻፉ፤ ወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል ተፈቀደ።

ነሐሴ ላይ ውሃው ሲሞላ አቶ ይልማና እኔ ድልድዩ ላይ ቆመን ነበር። ጎርፉ አንድ ሙሉ ግንድ ይዞ መጣና ከእግራችን በታች አልፎ ሄደ።

«የሚቀጥለው ድልድይ ሰበታ ነው» አሉኝ አቶ ይልማ። «ንድፉን አንቺ ሥሪው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድልድይ ሠርቻለሁ። ለጀማሪ መሐንዲሶች ሁልጊዜ የምላቸው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ቀጥሎ ለኩ። የለካችሁትን ፈርማችሁ አስገቡ።